የአምስት ቁጥሩ ሚስት

ታኅሣሥ 4 ቀን 1974፣ እሑድ

ሁለት ለባዶ። ተሸነፍን፤ ያውም በሜዳችን፣ ያውም በፍኖተ ሰላም ቡድን።

ይህን ደብተር የጀመርሁት ስለ ኳስ ልጽፍበት አልነበረም። ልጄ አደይ የምትናገራቸውን አስቂኝ ነገሮች እንዳልረሳ ብዬ ነበር። ግን ዛሬ ሜዳ የሰማሁትን ለማን ልናገር? ለባሌ አልነግረው፤ የተሰደበው እሱ ነው።

ተክለ ጊዮርጊስ የማዕበል ቡድን አምበል ነው። አምስት ቁጥር ለብሶ ከኋላ መሀል ላይ ይቆማል። ይህን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ የምጽፈው ስጽፈው ደስ ስለሚለኝ ነው። ማልያውን ከለበሰ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ግን ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ሁለቱም ጎል በሱ በኩል ገባ እያሉ ሲያወሩ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። "ዕድሜው ሄዷል" አለ አንዱ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። "እንደ መርከብ እኮ ነው የሚዞር" አለ ሌላው።

ፀሐይዋ ናት። ከሰዓት በኋላ በዚያ ወገን ስትመጣ ዓይን ታጠፋለች። ሣሩም ደርቆ ኳሷ ከልክ በላይ ትነጥራለች። ሁለቱንም ጎል አይቻለሁ፤ ማንም ሰው አይደርስባቸውም ነበር።

ታኅሣሥ 6፣ ማክሰኞ

የስልክ ቤቱ መስኮት ስስ ነው። እኔ ማዞሪያው ላይ ተቀምጬ መስመር እያገናኘሁ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው የሚያወራው ሁሉ ይሰማኛል። ዛሬ ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ኑርሑሴን ወረታ ወዳለው ወንድማቸው ሊደውሉ መጡ። የማዕበል ደጋፊዎች አፈ ጉባኤ እሳቸው ናቸው፤ ቡድኑ የሄደበት ሁሉ ይሄዳሉ። አንቱታ አይገባቸውም ብዬ ዛሬ "እሱ" እያልሁ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ለተራ ጠባቂው ሲያስረዱ ሰማኋቸው። "መፍትሔው ቀላል ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ይረፍ፣ ወጣቱ ክንዱ ይግባ። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሳንባ አለው። አሠልጣኝ የተባለው መርስዔ ኀዘን ግን አሠልጣኝ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ሰው ነው። ለተማሪ እንደሚያዝነው ለተጫዋች ያዝናል።"

ተራቸው ሲደርስ "መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ" አልኋቸው። መስመሩ ነፃ ነበር። ሲጠይቁኝ ደግሜ አልኋቸው። በኋላ ሳገናኛቸው አውርተው ጨረሱና "አላህ ይስጥሽ ልጄ" ብለውኝ ወጡ።

አፈርሁ። ግን ብዙም አይደለም።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ

ከቡሬ ጋር አንድ ለአንድ። የኛን ጎል ያገባት ማን ነው? አምስት ቁጥር። በቴስታ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ዛሬ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። "የቆመ ግንድም ኳስ ይመታዋል" አሉ።

ታኅሣሥ 18፣ እሑድ

ሞጣ ሄደው ሦስት ለአንድ ተሸነፉ። ከጭነት መኪናው ሲወርዱ ለመቀበል ሄጄ ነበር። ተክሌን ክንዱና በረኛው ግራና ቀኝ ይዘው አወረዱት። የሞጣ መንገድ መጥፎ ነው፣ እግር ያደነዝዛል።

ሌሎቹ ዘለው ነው የወረዱት።

ታኅሣሥ 22፣ ሐሙስ

ኡሙሰልማ የጋሼ ኑርሑሴን ባለቤት ናት። እህቴ ናት ብል አልዋሸሁም፤ አደይን ስወልድ ከአልጋዬ አልተለየችም። ዛሬ ለአደይ የገና ልብስ ጨርቅ እንድትመርጥልኝ ወደ ሱቃቸው ሄድሁ። በረንዳው ላይ ደጋፊው ሸንጎ ተቀምጧል። ጥጉ ላይ ስደርስ ገና አላዩኝም ነበር።

"ከፊት አራት አጥቂ መደርደር ድሮ ቀረ። መሀሉ ባዶ ነው።"

"መሀሉን ተወው። ችግሩ ሰውየው ነው።"

"የቱ ሰውዬ?"

"አታስመስል። አምስት ቁጥር።"

"እሱ ከወጣ ማን ያዛል? ክንዱ እኮ ሮጦ ሮጦ የት እንደሚቆም አያውቅም።"

"ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ ቆሞ ቆሞ መሮጥ ረሳ።" ይህን ያሉት ጋሼ ኑርሑሴን ናቸው። ሁሉም ሳቀ።

ያን ጊዜ አንዱ ዞር ሲል አየኝ። ወዲያው ከመካከላቸው አንዱ "ዘንድሮ ብርዱ ጠና" አለ፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ።

አንገቴን ቀና አድርጌ በመካከላቸው አለፍሁ። ከሱቁ ያለውን ከሁሉ የሚያምረውን ቀይ ጨርቅ አስቆረጥሁ። ስወጣ በየስማቸው እየጠራሁ ደህና ዋሉ አልኋቸው። ኡሙሰልማ እስከ ጥጉ ሸኘችኝና "ሰውየዬን አትቀየሚው፤ በሕልሙም ሲያሰልፍ ነው የሚያድር" አለችኝ። ፊቷ አልሳቅሁም። ከታጠፍሁ በኋላ ነው የሳቅሁ።

ጥር 2፣ እሑድ

ዛሬ ጨዋታ የለም። አደይ ከሰፈር ልጆች የተማረችውን ዘፈን አባቷ ፊት ቆማ እያጨበጨበች ዘፈነችው።

ተክሌ ዞር እስኪል፣
ኳሷ ገባች ጎል።

አራት ዓመቷ ነው። አባቷን የምታውቀው አባባ በሚል ስም ነው፤ ተክሌ ማን እንደሆነ አልገባትም። ልቆጣት ስነሣ እሱ እጄን ያዘኝና አብሯት ይዘፍን ጀመር። እስክትደክም ድረስ ዘፈኑ።

"ግጥሙ ልክ ነው" አለኝ በኋላ።

"ልክ ነው ማለት?"

"ቤት ይመታል ማለቴ ነው።"

ጥር 14፣ ዓርብ

ተክሌ የጥምቀት ማግሥት ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ "ዘመድ ልጠይቅ" ብሎ ወንዛዬ ሄዶ ነበር። ዛሬ ተመለሰ። ወንዛዬ ፍል ውኃ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዘመድ እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። ደህና ናቸው ወይ አልሁት። "ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል" አለኝ። ከከረጢቱ እርጥብ ፎጣ አወጣሁና አሰጣሁት። ሌላ አልጠየቅሁም።

ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ከበፊቱ ይሻላል። በፊትም ደህና ነበር፤ እንደ ወትሮው ነው ማለቴ ነው።

ጥር 23፣ እሑድ

ከደብረ ማርቆስ ጋር፣ በሜዳችን። ሦስት ለባዶ።

ዛሬ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች መጥተው ነበር። የከተማው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ አንዳርጋቸው ከድንኳን ሥር አስቀምጦ እያንዳንዱን ተጫዋች ያስተዋውቃቸው ነበር። ሦስተኛዋ ጎል እንዲህ ሆነች። ተክሌ ኳሷን ለራሳችን በረኛ መልሶ ሰጠ፣ አጠረች፣ የነሱ አጥቂ ቀድሞ ደረሰባት። ፀሐይ አልነበረም። ደመና ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ቆሞ ነበር።

ሜዳው ዙሪያ አንድ ሰው ጀመረና ሁሉም ተቀበለው፤ ያን የልጆቹን ዘፈን። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ተክሌ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሀል ሜዳ ወሰዳት። እየሮጠ ነው የወሰዳት፤ ይህን አይቻለሁ፣ ሌላ ሰው ባያይም።

ጓድ አንዳርጋቸው ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ። ከዘፈኑ ይልቅ የሱ አነሣሥ አስፈራኝ።

ጥር 25፣ ማክሰኞ

በመስመር ላይ የሚያልፈውን ለማንም ላልናገር ቃል ገብቼ ነው የተቀጠርሁት። ስንት መርዶ፣ ስንት ዕርቅ በጆሮዬ አልፏል፤ ለባሌ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ ጧት ጓድ አንዳርጋቸውን ደብረ ማርቆስ ካለው ከክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ጋር አገናኘሁ። መስመሩ መያዙን አዳምጬ ወዲያው መተው ነበረብኝ። የባሌን ስም ስሰማ አልተውሁም።

"ተራ ሽንፈት አይደለም" ይላል። "አሻጥር አለበት። አምበሉ ዘጌ የሚቀድስ የቄስ ልጅ ነው፤ ውይይት ክበብም አይመጣ። እሑድ ስብሰባ ጠርቻለሁ። አሠልጣኙ ሂስ ያቀርብበታል። ደጋፊው ደግሞ እንዴት እንደ ተቆጣ በዓይንዎ አይተዋል፤ እሱ ይመሰክራል። ሕዝቡ ሲጠይቅ እኛ ማሰር ብቻ ነው።"

ከዚያ በኋላ የመጡትን ጥሪዎች እንዴት እንዳገናኘሁ አላውቅም። ዳንግላ የጠየቀውን መራዊ ሰጥቼው ተቆጣኝ።

በምሳ ሰዓት ወደብ ወረድሁ። ተክሌ የጀልባ መካኒክ ነው፤ ከሞተር ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ነገርሁት። ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ።

"ኳሷን አሳጠርኋት። አጠረች። ሌላ ምን አለ?"

"ሌላ ነገር ሊሉ ነው እያልሁህ ነው።"

"ይህን ለሌላ ለማንም እንዳትናገሪ። ከየት ሰማሽ ቢሉሽስ? እኔ የምፈራው ላንቺ ነው።" አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁለት።

እኔ ለሱ፣ እሱ ለኔ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን።

ጥር 26፣ ረቡዕ

ማምሻውን አሠልጣኙ ጋሼ መርስዔ ኀዘን መጡ። አልቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ቆይተው ተቀመጡ። ኮሚቴው ጠርቷቸው በአምበሉ ላይ ሂስ እንዲያቀርቡ፣ ካላቀረቡ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሚሆን ነግሯቸዋል።

"እኔ ነኝ ያሰለፍሁህ" አሉት። "ጉልበትህን እያወቅሁ።"

"ጉልበቱ ምን ሆነ?" አልሁ። ሁለቱም ወለሉን አዩ።

"በኔ ላይ ያቅርቡ" አላቸው ተክሌ። "እርስዎ የአራት ልጆች አባት ነዎት። ሐሰትም አይሆንብዎ፤ ጎሏ በኔ ነው የገባች።"

"መግባቷ እውነት ነው። ሆን ብሎ ነው የሚለው ነው ሐሰቱ።"

"እንግዲህ ያን ቃል ይዝለሉት።"

"ያን ቃል ብቻ ነው የሚፈልጉት" አሉና ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ምን እንደሚያደርጉ አላወቅሁም። እሳቸው ከወጡ በኋላ ክፉ ነገር አሰብሁባቸው። ሰው ልጆቹን ይመርጣል፣ ምን ይፈረድበታል እያልሁ በልቤ ፈረድሁባቸው።

ጥር 28፣ ዓርብ

ለተክሌ የገባሁትን ቃል አፈረስሁ። ግማሹን ነው ያፈረስሁ።

ጋሼ ኑርሑሴን ከጁምዓ እስኪመለሱ ሱቁ ውስጥ ጠበቅኋቸው። ሲገቡ ኡሙሰልማ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ጓዳ አለፈች።

"ስለ ኳስ ልጠይቅዎ መጣሁ" አልኋቸው።

"ስለ ኳስ? አንቺ?"

"እሑድ ስብሰባው ላይ ቢጠይቁዎ ስለ ተክለ ጊዮርጊስ ምን ይላሉ?"

"ያው ሁልጊዜ የምለውን ነዋ። ከፊትሽም ከኋላሽም የምለው አንድ ነው።"

"ሆን ብሎ ለቀቃት ወይ ቢሉዎስ?"

ጨርቅ የሚለኩበትን ዘንግ አስቀመጡ። "ማን ነው እንዲህ የሚል?"

"ቢሉዎስ ነው ያልሁ።"

"ልጄ፣ እኔ የሰደብሁት አምስት ቁጥሩን ነው። ተክለ ጊዮርጊስን መቼ ሰደብሁ?"

"ከሩቅ ለሚሰማ ሁለቱ አይለዩም፣ ጋሼ።"

ይህን ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ቃል አልገቡልኝም። እኔም አልለመንኋቸውም። "የሚታየኝን እናገራለሁ" ብቻ አሉኝ። ወደ ቤት ስመለስ ምነው ቁርጡን በነገርኋቸው አልሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ምነው አፌን በያዝሁ።

ጥር 30፣ እሑድ

ስብሰባው ጧት ነበር። አንድም ቃል ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ተጫዋቾቹ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ተክሌ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እኔ ነኝ የተኰስሁለት። የመጣው ይምጣ፣ ተጨማድዶ አይቆምም ብዬ።

ጓድ አንዳርጋቸው ስለ ስፖርትና ስለ አብዮቱ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ "በመካከላችን አሻጥረኛ አለ" አለና አሠልጣኙን ጠራ። ጋሼ መርስዔ ኀዘን ወረቀት ይዘው ተነሡ። ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

"ተጫዋች የሚመርጠው አሠልጣኝ ነው" አሉ። "እኔ መረጥሁ። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ሳላዘጋጅ ጊዜው ደረሰብኝ። ሂሱ የኔ ነው።" ይህን ብለው ተቀመጡ።

ረቡዕ ላሰብሁባቸው ሁሉ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ሊቀመንበሩ ወደ አዳራሹ ዞረ። "እንግዲያው ሕዝቡ ይናገር" አለ። "በየሜዳው ሲጮህ የነበረው ሕዝብ ይኸው እዚህ አለ።" ጋሼ ኑርሑሴን እጃቸውን አነሡ። ጓድ አንዳርጋቸው ፈገግ አለ፤ ማን ምን እንደሚል ያውቃላ።

"ስለ ተክለ ጊዮርጊስ እናገራለሁ" ብለው ጀመሩ። "ይህ ሰው አይሮጥም። መዞር ሲፈልግ አስቀድሞ ማመልከቻ የሚያስገባ ይመስላል። ሞጣ ላይ ሦስቱም ጎል ሲገቡ ከአጥቂው ኋላ ነበር። ባለፈው እሑድ ለበረኛው የሰጣት ኳስ በዕድሜዬ ካየኋቸው ኳሶች ሁሉ የከፋች ናት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ይውጣ ብያለሁ። ዛሬም ይውጣ እላለሁ።"

አዳራሹ "ልክ ነው" አለ። ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርሁት። ተክሌ ከፊቴ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጀርባው ብቻ ይታየኛል።

"ሕዝቡ የተናገረውን ሰምታችኋል" አለ ሊቀመንበሩ። "ስለዚህ ሆን ተብሎ የተፈጸመ..."

"አልጨረስሁም፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሻጥር ነው ብለዋል። ኳስ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ኳሷ ዘንድ መድረስ አለበት። ይህ ሰው የት ደርሶ ነው የሚሸጣት?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በመስኮት የቆሙት ሳይቀሩ። ጋሼ ኑርሑሴን ግን አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

"እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። በአገልግሎት ያለቀውንና በምላጭ የተቀደደውን ለይቼ አውቃለሁ። ይህ ሰው ያለቀው እኛ ፊት ነው፣ እኛን ሲያገለግል። እግሩ ከድቶታል። እሱ ግን አልከዳንም። ከደጋፊው ወገን ሌላ የሚል ካለ ይነሣና ልየው።"

የተነሣው ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ነበር። በድምፁ ለየሁት፤ እንደ መርከብ ይዞራል ያለው ነው። "እውነት ነው፣ ተክለ ጊዮርጊስ ደክሟል" አለ። "ግን የደከመው የኛው ሰው ነው። እኛ ብንሰድበው ለሌላ ሰው ስድብ ማዋሳችን አይደለም።" ሌላው ተነሥቶ ጥፋቱ የአራቱ አጥቂዎች ነው፣ ኳስ ሲያጡ አይመለሱም አለ። አጥቂዎቹ ተቆጡ። አንዱ አሠልጣኙን ወቀሰ፣ አንዱ ተከላከለላቸው። ጓድ አንዳርጋቸው ጠረጴዛውን እየመታ "ሥርዓት" ይላል፤ ካንዱ ጥግ ደግሞ "የማዕዘን ምት ሲመታ ስድስት ቁጥር ማንን ነው የሚይዝ?" የሚል ይሰማል። አንድ ሽማግሌ በትሕትና "ለመሆኑ ጓድ፣ ዘንድሮ ስንት ጨዋታ ተመለከቱ?" ብለው ጠየቁት። በመጨረሻ ጉዳዩ ይጠናል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። አዳራሹ ግን አልተዘጋም፤ ሰው እየተከራከረ ነው የወጣ።

ተክሌ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚያለቅስ መስሎኝ ቀረብሁት። እየሳቀ ነው። ዓይኑ ግን እርጥብ ነው። የሰደቡት ሁሉ እየመጡ እጁን ጨበጡት፤ ጨብጠውም "ለዳንግላው ጨዋታ ግን አትግባ" አሉት።

የዚህ ከተማ ሰው በመሆኔ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ጋሼ ኑርሑሴንን ትናንት ወሰዷቸው። ስብሰባ በማወክ ነው አሉ። ቀበሌው ጓሮ ታስረዋል።

እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የወሰድኋቸው። ሱቅ ድረስ ሄጄ።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

ከኡሙሰልማ ጋር ምግብ ይዘን ሄድን። መንገድ ላይ "እኔ ባልመጣ ኖሮ" ብዬ ጀመርሁ። አላስጨረሰችኝም። "ባትመጪ ይናገር የነበረው ያንኑ ነው፤ ሳያስብበት ይናገረው ነበር እንጂ" አለችኝ። ይህን ለማጽናናት ይሁን አምናበት እንጃ።

በአጥሩ ቀዳዳ አነጋገሩን። ከስተዋል። ተክሌም ከሥራ ወጥቶ ደረሰ፤ አጥሩን ያዘ። እሳቸው ቀደሙት።

"ክንዱ መቼ መቆም እንዳለበት ነገርኸው?"

"እየነገርሁት ነው።"

"ከኋላ ሰው ሲመጣበት አያይም እኮ።"

"ያያል፣ ጋሼ። ይቸኩላል እንጂ ያያል።"

"አያይም። በቡሬው ጨዋታ የሆነውን ረሳኸው?"

"በቡሬው ጨዋታ አልተሰለፈም፤ እኔ ነበርሁ።"

"እሱንማ መቼ እረሳዋለሁ።"

እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። ጠመንጃ የያዘው ዘበኛ ሲያዳምጥ ቆይቶ "እኔ ግን ክንዱ በግራ በኩል ቢሰለፍ እላለሁ" አለ። ሁለቱም ባንድ አፍ አይሆንም አሉት።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

ተፈቱ። ደጋፊው ከሰኞ ጀምሮ በየማታው ከቀበሌው ደጅ እየተቀመጠ ስለ ዳንግላው ጨዋታ ይከራከር ነበር። ምን ስብሰባ ነው ተብሎ ሲጠየቅ "ስብሰባ አይደለም፣ ኳስ ነው" ይላል። ቀበሌው ሰለቸው መሰል። ጋሼ ኑርሑሴን ከበሩ ወጥተው ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ እዚያው ቆመው ክርክሩን ተቀላቀሉ። ኡሙሰልማ ናት በክንዳቸው ጎትታ የወሰደቻቸው።

የካቲት 9፣ ማክሰኞ

ጓድ አንዳርጋቸው ስልክ ቤት መጣ። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ብዙ አየኝ።

"ጆሮሽ ጥሩ ነው ይሉሻል" አለኝ።

"ሥራዬ ነው፣ ጓድ።"

"ሥራሽ ማገናኘት ነው።"

"አዎ። የት ላገናኝዎት?"

የሚደውልበት አልነበረውም። ሄደ። ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩኝ ይሆናል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ ቤት ገብቼ ለተክሌ ነገርሁት። "ፈራሽ?" አለኝ። "አዎ" አልሁት። እውነቱን መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑን ረስቼው ነበር።

የካቲት 11፣ ሐሙስ

እንግዲህ ልጻፈው። ጉልበቱ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ታሟል። ቀኙ። ጧት ጧት ሲነሣ አልጋውን ይዞ እንደሚቆም አያለሁ፤ እንቅልፍ የወሰደኝ አስመስላለሁ። እሱም መተኛቴን ያመነ ያስመስላል። ጥፋቱ የፀሐይዋ አልነበረም። የሣሩም አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ያሉት ሁሉ ልክ ነበር፤ እኔም እያወቅሁ ነው የተናደድሁባቸው።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ከክንዱ ጋር ሲለማመዱ ሄጄ አየኋቸው። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ። ተክሌ አንድ ቦታ ቆሞ በእጁ ብቻ ይመራዋል። "አሁን ተው። ጠብቅ። እሱ ይምጣልህ፣ አንተ አትሂድለት።" ልጁ ይቸኩላል፣ ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል። ተክሌ ሲቆጣ አላየሁትም።

ሲጨርሱ ዳር ቆመው ሲያዩ ወደ ነበሩት ወደ ጋሼ መርስዔ ኀዘን ሄደና "እሑድ እሱን ያሰልፉ" አላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "አንተ ሳትለኝ በፊት ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ" አሉት። "አምበሉ ግን አንተ ነህ። ከጎኔ ትቀመጣለህ።"

የካቲት 14፣ እሑድ፤ የዐቢይ ጾም ዋዜማ

አንድ ለአንድ። ብንሸነፍ ከውድድሩ እንወጣ ነበር። አንድ ነጥብ በቃችን።

ዳንግላዎች ቀድመው አገቡ። ክንዱ ነው የሳተው፤ ቸኮለ። ከኋላዬ አንዱ "ተክለ ጊዮርጊስ ቢሆን ይህችን አይስታትም ነበር" አለ። ዞር ብዬ አየሁት። ያው የመርከቡ ሰውዬ ነው። አላፈረም፤ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ክንዱ ከዚያ በኋላ ኳስ በመጣ ቁጥር ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ያያል፤ ተክሌ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ልጁም ይረጋጋል። ከዕረፍት በኋላ እኛ አቻ አደረግን። በመጨረሻ ዳንግላዎች ተግተልትለው ሲመጡ ክንዱ አልሄደላቸውም። ቆሞ ጠበቀ። መጡለት። ኳሷን ቀማና ወደ ሐይቁ በኩል ጠለዛት፤ ሜዳው ሁሉ ተነሣ። ጋሼ ኑርሑሴን አሁንም በነጥብ መጋራት ደስ አላላቸውም፤ ተክለ ጊዮርጊስ ለመጨረሻው ሩብ ሰዓት ቢገባ እናሸንፍ ነበር ብለው ከሰው ጋር ሲሟገቱ ትቻቸው መጣሁ።

ጨዋታው ላይ ከአጠገቤ ልጅ ያዘለች ሴት ተቀምጣ ነበር። ከዳንግላ ከቡድኑ ጋር የመጣች ናት፤ ወሬ አያልቅባትም፣ ደስ የምትል ሴት። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ባሏን፣ ዘጠኝ ቁጥሩን፣ በጣቷ አሳየችኝ። እንደ ነፋስ ይሮጣል።

"ያንቺስ የትኛው ነው?" አለችኝ። "ያ ረጅሙ? ወይስ ያ አሁን የሚሮጠው?"

"አይደለም" አልኋት። "ያ የተቀመጠው።"

አመለከትኋት። እጄንም ቶሎ አላወረድሁትም።